ሁለታችንም ኦ ፖዘቲቭ ነን፤ ታዲያ ደሙ ለምን አልገጠመም?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ። የምጽፈው ከሸዋ ሮቢት ነው። ባለቤቴ ሦስተኛ ልጃችንን አርግዛ ሰባት ወር ሆኗታል። ሁለተኛውን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ሁለት ከረጢት ደም ወስዳለች። አሁን በክትትል ላይ የደሟ መጠን 7 ሆኖ ተገኘ። ደም እንድትወስድ ተብሎ ደብረ ብርሃን ተላክን። እዚያ ሁለት ከረጢት ሞክረው አልገጠመም አሉን። ናሙናዋ አዲስ አበባ ሄዶ በማሽን ታየና ‹አንቲቦዲ ስክሪኒንግ ፖዘቲቭ› የሚል ወረቀት መጣ። እሷ ኦ ፖዘቲቭ ናት፣ እኔም ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። የእኔን ደም ስጧት ብል እምቢ አሉኝ። አማቴ ሾተላይ ነው ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። ጎረቤት ደግሞ ማሽን ይሳሳታል ይላል። እውነት ማሽኑ ተሳስቶ ይሆን? ደሜንስ ብሰጣት ምን ችግር አለው?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ማሽኑ የተሳሳተ አይመስለኝም። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ከረጢት በእጅ ተሞክሮ አልገጠመም። አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ሰው፣ በሌላ ዘዴ፣ ያንኑ ችግር አየ። ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አንድ ነገር ሲናገሩ መስማት ይሻላል። ነገር ግን ያ ወረቀት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። «ፖዘቲቭ» ማለት «እዚህ አንድ አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድ ሴል የሚዋጋ ነገር አለ» ማለት ነው። ያ ነገር ማን እንደሆነ ገና አልተነገራችሁም። ከእንግዲህ መጠየቅ ያለባችሁ ማሽኑ ልክ ነው ወይ ብላችሁ አይደለም። «የአንቲቦዲው ስም ማን ነው?» ብላችሁ ነው።

መጀመሪያ ኦ ፖዘቲቭ የሚለውን እንይ። ኦ ማለት ቀይ የደም ሴሉ ላይ ኤም ቢም የሉም ማለት ነው። ፖዘቲቭ ማለት ዲ የሚባለው አለ ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። የደም ሴል ላይ ግን ሌላ ብዙ ምልክት አለ። ዛሬ የሚታወቁት የደም ዓይነት ሥርዓቶች ከ40 በላይ ናቸው፤ ምልክቶቹ ደግሞ ከ300 ይበልጣሉ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የምንልበት አርኤች የሚባለው ሥርዓት ብቻውን ከዲ ሌላ ትልቁ ሲ፣ ትንሹ ሲ፣ ትልቁ ኢ፣ ትንሹ ኢ የሚባሉ አሉት። ከእሱ ውጭ ኬል፣ ደፊ፣ ኪድ፣ ኤምና ኤን፣ ሌዊስ እያለ ይቀጥላል። እርስዎና ባለቤትዎ በኦና በዲ ትመሳሰላላችሁ። በሌላው ልትለያዩ ትችላላችሁ፤ ብዙ ጊዜም ትለያያላችሁ።

የሚገርመው፣ ይህ ጉዳይ ለዓለም የታወቀው ከእናንተ ጋር በሚመሳሰል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስለ አንዲት እናት ጻፉ። ሴትየዋ ኒውዮርክ ውስጥ የሞተ ልጅ ወለደች፤ ደምም ፈሰሳት። ባሏ ኦ፣ እሷም ኦ። የባሏ ደም ተሰጣት፤ ወዲያው ክፉኛ ታመመች። ደሟ ሲመረመር የባሏን ሴል የሚያጣብቅ ነገር ተገኘበት። ጽንሱ ከአባቱ የወረሰው ምልክት ወደ እናቱ ደም ገብቶ፣ የእናቲቱ ሰውነት ባዕድ ብሎ ጦር ሰብቆበት ነበር። ያ ምልክት በኋላ ዲ ተባለ። ዛሬ የእርስዎን ደም ለባለቤትዎ አንሰጥም ያሉት ሰዎች በዚህ ምክንያት ነው እምቢ ያሉት። ክፋት አይደለም።

በባለቤትዎ ላይ የሆነው ከሁለት መንገድ በአንዱ ሳይሆን አይቀርም። ወይ ከቀደሙት እርግዝናዎች፣ ወይ ከወሰደችው ሁለት ከረጢት። ሰውነት የሌለውን ምልክት ሲያይ አንቲቦዲ ይሠራል፤ ፀረ እንግዳ አካል የምንለው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ሳምንታት ወይም ወራት ይወስድበታል። ስለዚህ ያኔ በሰላም ወስዳ ወጣች። ሁለተኛ ሲያየው ግን በቀናት ውስጥ ይነሳል። «ያኔ ገጥሞ አሁን እንዴት አልገጠመም?» የምትሉ ከሆነ መልሱ ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ያሉትም አዲስ አበባ ያሉትም ነገር አላወሳሰቡባችሁም። እንዲያውም እግዜር ይስጣቸው፤ ያልገጠመውን ሰጥተው ቢሆን ወዲያው ወይም በቀናት ውስጥ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቷ ጠቁሮ፣ የደሟ መጠን ከ7 በታች ወርዶ ልትመጣ ትችል ነበር።

አሁን ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ልንገርዎ፤ ጎረቤትዎ ስለሚጠራጠረው።

በፋብሪካ የተዘጋጁ፣ ሁሉም ኦ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ቀይ የደም ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ምን ምልክት እንዳለውና እንደሌለው አብሮት በሚመጣ ሠንጠረዥ ተጽፏል። ኦ የሆኑት የኤና የቢ ነገር እንዳይቀላቀል ነው። ማሽኑ የቱቦውን ባርኮድ ያነባል። ከባለቤትዎ ፕላዝማ (ሴሎቹ ተለይተው የሚቀረው የደሙ ፈሳሽ) የአንድ ጠብታ ግማሽ ያህል፣ 25 ማይክሮ ሊትር ገደማ ይቀዳል። ከእነዚያ ሴሎች ጋር በጄል ካርድ ላይ ያገናኘዋል። በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ ያቆየዋል። ከዚያ 10 ደቂቃ ያሽከረክረዋል። ጄሉ እንደ ወንፊት ነው፤ ያልተያያዙ ሴሎች አልፈው ታች ይወርዳሉ፣ የተጣበቁት ላይ ይቀራሉ። ካሜራው ፎቶ አንስቶ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ሁሉም ታች ከወረደ 0 ነው። ሁሉም ላይ ከቀረ 4 ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። መሠረቱ ኩምብስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጡት፣ ሴል ላይ የተለጠፈ አንቲቦዲን የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ጄሉን ላፒየር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጨመረበት። ማሽኑ የሰውን እጅና ዓይን ነው የተካው። በቱቦ ሲሠራ ባለሙያው ሴሉን ሦስት አራት ጊዜ ያጥባል። አንዷን እጥበት ካቻኮላት ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ፈሳሽ) ይመክናል፤ እውነተኛው ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ መስሎ ያልፋል። ከዚያ ቱቦውን ነቅነቅ እያደረገ በዓይኑ ያነባል። ጠንከር አድርጎ ከነቀነቀ ደካማው ጥብቅ ይፈታል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተረኛው ብቻውን ሆኖ፣ አዋላጇ በር ላይ ቆማ «ደሙስ?» ስትለው ምን ያህል እንደሚረጋጋ ይገምቱ። ማሽን አይቸኩልም፤ እንቅልፍም አይወስደውም። ፎቶውም ይቀመጣል፤ በማግሥቱ ሌላ ሰው አይቶ ሊከራከርበት ይችላል። እኔ ከፍጥነቱ ይልቅ የምወድለት ይህንን ነው።

ጎረቤትዎ ግን ፈጽሞ አልተሳሳተም። ማሽን የሚታለልባቸው ነገሮች አሉ። በደንብ ያልረጋ ወይም በግማሽ የረጋ ናሙና ጄሉ ላይ ክር ሠርቶ ፖዘቲቭ ያስመስላል። በሪኤጀንቱ ውስጥ ካለው ማቆያ ኬሚካል ጋር ብቻ የሚጣላ ደም ያለው ሰውም አለ። በተቃራኒው ደግሞ ማሽኑ ፋብሪካው ባልሰጠው ሴል ላይ ያለን ምልክት ሊያይ አይችልም። የመመርመሪያ ሴሎቹ በአብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ለጋሾች ደም የሚዘጋጁ ናቸው። በእኛ አህጉር የሚበዛና እዚያ ብርቅ የሆነ ምልክት ሊጎድላቸው ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ «ምንም የለም» ቢልም ክሮስማች፣ ማለትም የከረጢቱን ደም ከታማሚዋ ደም ጋር አገናኝቶ መግጠሙን ማየት፣ መቅረት የለበትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ማሽኑ ባርኮዱን እንጂ ሰውየውን አያውቅም። አልጋው አጠገብ የአንዷ ደም በሌላዋ ቱቦ ከተቀዳ፣ የተሳሳተውን ደም በሚገባ መርምሮ ውጤቱን ያወጣል። በደም አሰጣጥ ላይ የሚደርስ ትልቅ አደጋ ከዚህ ዓይነት ስሕተት ሊጀምር ይችላል። ባለቤትዎ ደም ስትቀዳ ስሟን እሷው ትናገር። ቱቦው ላይ እዚያው ፊቷ ሲጻፍ ትይ።

አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ። አንዳንድ አንቲቦዲዎች የሚነሱት ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ በሰውነት ሙቀት ይተኛሉ። የላብራቶሪ መመሪያ «የክፍል ሙቀት» ሲል ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በመሐል ሜዳ ማለዳ፣ ማሞቂያ የሌለው ክፍል ወደዚያ አይጠጋም። ስለዚህ እዚያ በቱቦ የሚሠራ ክሮስማች ለታማሚዋ ምንም በማያመጣ የብርድ አንቲቦዲ «አልገጠመም» ሊባል ይችላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ያው ደም ይገጥም ይሆናል። ማሽኑ በ37 ዲግሪ ስለሚያቆይ ይህን አብዛኛውን ያጣራል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው ናሙናውንም ሴሉንም ለየብቻ ቀድሞ አሙቆ እንደገና ማየት አለበት።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እንመለስ። ሁለት ከረጢት ተሞክሮ ሁለቱም አለመግጠማቸው ለእኔ ፍንጭ ነው። አንቲቦዲው በኬል ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ኬል ከ100 ለጋሽ ከ90 በላይ ላይ ስለማይገኝ፣ ሁለት ከረጢት በተከታታይ ይወድቃል ብዬ አልጠብቅም። ትልቁ ኢም ቢሆን አብዛኛው ሰው የለውም። ሁለቱም ከወደቁ የምጠረጥረው አራት ነገር ነው። አንድም አብዛኛው ሰው ያለው ምልክት፣ ለምሳሌ ትንሹ ሲ። አንድም ሁለት ሦስት አንቲቦዲ ተደርቦ። አንድም ከላይ ያልኩት የብርድ ነገር። አንድም የራሷን ሴል ጭምር የሚነካ አንቲቦዲ። ለዚህ ነው የስክሪኒንጉን ሙሉ ወረቀት የምትጠይቁት። ስንቱ ሴል ፖዘቲቭ ሆነ? በስንት ነጥብ? የራሷ ሴል ከራሷ ፕላዝማ ጋር ሲታይስ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለቤትዎ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች? እርጉዝ ሴት ግፊት ካላት በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሰጣት ሜቲልዶፓ ነው። ደህና መድኃኒት ነው። ግን ለወራት ከወሰዱት ሰዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ የኩምብስ ምርመራን ፖዘቲቭ ያደርጋል። አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። ይሁንና ላብራቶሪው ካልተነገረው ያልነበረ ጠላት ሲፈልግ ይውላል። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ፤ መቼ ደም እንደወሰደችና ስንት ጊዜ እንዳረገዘችም ጭምር። ባዶ የጥያቄ ወረቀት ማሽኑንም ባለሙያውንም ዕውር ያደርጋል።

ቀጣዩ ምርመራ መለየት ይባላል። ከሁለትና ሦስት ሴል ይልቅ አሥራ አንድ ገደማ ሴል ያለው ስብስብ ይቀርባል። የትኞቹ ተጣበቁ፣ የትኞቹ አልተጣበቁም እየተባለ ከሠንጠረዡ ጋር ይነጻጸርና ስሙ ይወጣል። ማሽኑ ሥራውን ይሠራል፤ መፍረዱ ግን የሰው ነው። አዲስ አበባ ይህን መሥራት የሚችል ቦታ ካለ ናሙናው እንዲቀጥል ይጠይቁ።

ስለ አማትዎ ጭንቀት። ሾተላይ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ኔጌቲቭ እናትና ፖዘቲቭ ልጅን ነው። ባለቤትዎ ፖዘቲቭ ስለሆነች ያ አይነካትም። ሆኖም አማትዎ ከንቱ አልተጨነቁም። ትንሹ ሲ፣ ኬል፣ አንዳንዴም ትልቁ ኢ በፖዘቲቭ እናት ላይም ያንኑ ሊያመጡ ይችላሉ። የሚለየው አንቲቦዲው የእንግዴ ልጁን ማለፍ መቻሉ ነው። ሌዊስ ከሆነ እፎይ በሉ፤ በእርግዝና የተለመደ ነው፣ ልጁንም አይነካም። ኤም ከሆነም ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ትንሹ ሲ ወይም ኬል ከሆነ ግን የአንቲቦዲው መጠን በየወሩ፣ ከ28 ሳምንት በኋላ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ይለካል። በአልትራሳውንድ የልጁ የአንጎል ደም ሥር ፍጥነት ታይቶ ደም አንሶት እንደሆነ ይገመታል። ኬል ላይ ልዩ ጥንቃቄ አለ፤ ሴል ከመስበር አልፎ የልጁን ደም መሥሪያ ስለሚያዳክም፣ መጠኑ ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ መጠኑ በጄል ሲለካ ከቱቦው ከፍ ብሎ ይወጣል። ዛሬ አዲስ አበባ በጄል፣ የዛሬ ወር ሌላ ቦታ በቱቦ ለክታችሁ «ወረደ» ብላችሁ እንዳትደሰቱ። አንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ ይለካ። ለኔጌቲቭ እናቶች የሚሰጠው የዲ መርፌ ለእነዚህ አይሠራም፤ ማንም እንዳይሸጥላችሁ።

የእርስዎ ደም። ለእሷ አይሰጥም፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል። አንቲቦዲው የተነሳው ልጆቻችሁ ከእርስዎ በወረሱት ምልክት ከሆነ፣ ያንኑ ምልክት በከረጢት ሙሉ መስጠት ይሆናል። ባይሆን እንኳ ሌላ አዲስ አንቲቦዲ ሊያስነሳ ይችላል። ለእሷ የሚጠቅመው ለምርመራ የሚሰጡት አንድ ቱቦ ነው። አንቲቦዲው በስም ከታወቀ በኋላ እርስዎ ላይ ያ ምልክት እንዳለ ይታያል። ከሌለዎት ልጁም ከእርስዎ አይወርሰውም፤ ጭንቀቱ አለቀ። ካለዎት ወይ ግማሽ በግማሽ ዕድል ነው፣ ወይ ልጁ በእርግጥ ይወርሳል። ከረጢቱን ለደም ባንክ ይለግሱ፤ ለሌላ እናት ይደርሳል። ለእሷ የሚገጥም ለጋሽ ከቤተሰብ ከተፈለገ ደግሞ በመጀመሪያ የሚታዩት የእናት አባቷ ልጆች፣ ወንድምና እህቶቿ ናቸው።

ወደ 7 ቁጥሩ እንምጣ። ለእኔ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉም የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ልቧ የሚመታ፣ የምትደማ ካልሆነች፣ ከሐኪሟ ጋር ስለ ብረት ተነጋገሩ። ሁለት ወር ጊዜ አላችሁ። በደም ሥር የሚሰጥ ብረት በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያመጣል። እንክብልም ቢሆን በትክክል ከተወሰደ ይሠራል። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይወሰድም፤ ቢያንስ በሰዓት ይራራቁ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነ ወባም ይታይላት፤ የሆድ ትላትልም እንዲሁ። የሚገጥም ደም ፍለጋ ከመንከራተት የራሷን ከፍ አድርጎ ማዋለድ ይበልጣል።

ቢሆንም ቀኑ ሲደርስ ደም ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ይቺ ሴት ከዚህ በፊት ደምታለች። ከወሊዱ በፊት ለሐኪሙም ለደም ባንኩም ይነገር፤ የሚገጥም ከረጢት ቀድሞ ይፈለግ። ለክሮስማች የምትሰጠው ናሙና እርጉዝ ስለሆነች ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ትኩስ ናሙና ያስፈልጋል። ክሮስማቹም እስከ ኩምብስ ድረስ የተሠራ ይሁን። ቶሎ ተሽከርክሮ የሚታየው ብቻ ይህን ዓይነት አንቲቦዲ አያሳይም። ምጥ እስኪጀምር ሸዋ ሮቢት አይቀመጡ። ሌሊት፣ በጉም፣ ጣርማ በርን መውጣት የሚፈለግ ነገር አይደለም። ቀኗ ሲቃረብ ደብረ ብርሃን ዘመድ ዘንድ ብታርፍ እመርጣለሁ። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ካሉ ደግሞ እዚያ። ሕፃኑ ሲወለድ ከእትብቱ ደም ይወሰድ፤ ኩምብስና የደም ዓይነት ይታይለት። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ቢጫ ከሆነ ፀሐይ ላይ አውጡት የሚል ምክር አይሰማም፤ ያኔውኑ ሐኪም ይየው።

ብዙ ሰው ታዲያ ይህ ማሽን በየሆስፒታላችን ለምን አይገዛም ይላል። እኔ በዚህ እለያለሁ። ሴሎቹ የሚቆዩት ለሳምንታት ብቻ ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣሉ፣ በረዶ ከሆኑም ይበላሻሉ። ከውጭ መጥተው ጉምሩክ ላይ ግማሽ ዕድሜያቸው ያልቃል። ሪኤጀንት የሌለው ማሽን ጌጥ ነው። ለሰሜን ሸዋ አንድ ማሽን ደብረ ብርሃን ላይ በደንብ ተይዞ፣ ከዓለም ከተማም ከመሐል ሜዳም ከአጣዬም ናሙና ቢመጣለት ይሻላል። ለትናንሾቹ ሆስፒታሎች ያው ጄል ካርድ በትንሽ የጠረጴዛ ሴንትሪፊውጅና ማሞቂያ በእጅ ይሠራል። ካሜራ ባይኖረውም ከቱቦው ይሻላል።

የመጨረሻው ነገር ወረቀቱ ነው። አንቲቦዲ ከዓመታት በኋላ ከደም ውስጥ ይጠፋል፤ በተለይ ኪድ በዚህ የታወቀ ነው። ያኔ ማሽኑ ኔጌቲቭ ይላል፤ ልክም ነው፣ የሚያየው የለም። ሰውነቷ ግን አልረሳም፤ ያ ምልክት ያለበት ደም ቢገባ በቀናት ይነሳል። ስለዚህ አንቲቦዲው ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት በፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። እሷም፣ እርስዎም፣ እህቷም። የትም ሆስፒታል ገብታ ደም ከተባለ፣ ከምንም በፊት እሱ ይታይ።

ስሙ ሲታወቅ ጻፉልኝ። ትንሹ ሲ ከተባለ ስለ ለጋሾቹ የምነግርዎ ሌላ ብዙ ነገር አለ። ሌዊስ ከተባለ ለአማትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝና ይተኙ በሏቸው።